ርካሹን ጥቅል የመረጥን ሰሞን

ደብረ ታቦር ሳለሁ የምኖረው ከገበያው ወደ ታች ባለ ሰፈር፣ የባሕር ዛፍ አጥር ካለው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት አከራያችን የሚኖሩበት ትልቁ ቤት አለ፤ በጓሮ በኩል ደግሞ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተያያዙ ሦስት የኪራይ ክፍሎች። አንዱ የእኔ ነው። ከገሳይ ወጣ ብሎ ካለው የአባቴ ቤት ወጥቼ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በዳሩ ክፍል ባጃጅ የሚነዳ ሰው ይኖራል። መካከለኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ባዶውን ከቆየ በኋላ፣ በአንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቃ አንዲት ሴት ገባችበት።

ዕቃዋ ብዙ አልነበረም። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ በሁለት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን። ባለ ባጃጁ ቴሌቪዥኑን ሊያግዛት መጥቶ አንዴ በሩን፣ አንዴ ጥቅሉን ተመለከተ።

«ይሄ በዚህ በር ይገባል?»

«በአውሮፕላን በር ገብቷል» አለችው።

ሰባት ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ መመለሷን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከእኔ ስድስት ዓመት ያህል ትበልጣለች። ከወር በኋላ ከአንድ ኬክ ቤት ኩሽና ሥራ አገኘች፤ ማለዳ ትወጣና ከምሳ በኋላ ትመለሳለች። ዝምተኛ ናት አይባልም፣ ግን ካልጠየቋት ስለዚያ አገር አታወራም። እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን ሳስበው ያለመጠየቄን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር መሰለኝ።

ቴሌቪዥኑ ዲሽ አያሻውም። ከስልኳ ኢንተርኔት እየሳበ፣ እዚያ እያለች የለመደችውን የዓረብኛ ድራማ የሚያሳይ አፕ ነበራት። አፑ በየወሩ ይከፈልበታል። ምዝገባው እዚያው አገር የተደረገ ስለሆነ የምትከፍልላት እዚያ የቀረች ጓደኛዋ ናት፤ እሷ በፈንታው ይፋግ ለሚኖሩት ለጓደኛዋ እናት ብሩን ትልክላቸዋለች። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዷ ላይኛው ፎቅ አንዷ ታችኛው ፎቅ፣ በየእመቤታቸው ቤት ሲሠሩ የተዋወቁ ናቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት አከራያችን በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ልቅሶ ሰሙ። ስድሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየከተማው የተበተኑ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንች ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ፤ ድራማ ነው። ይግቡ።»

«በምን ቋንቋ ነው የሚያለቅሱት?»

«በዓረብኛ።»

እትዬ ገብተው ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ካዩ በኋላ «ታዲያ ምን ይላሉ?» አሉ። መተርጎም የጀመረችው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ መብራትና ኢንተርኔት ካለ፣ አራታችንም እዚያች ክፍል ነን። እትዬ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዘው ይመጣሉ። ባለ ባጃጁ በመጀመሪያ «እኔ ለድራማ ጊዜ የለኝም» ሲል ቆየና፣ በኋላ ግን እሑድ እሑድ ባጃጁን ግቢ አስገብቶ ጎማ የሚያይ ይመስል በሩ አጠገብ ይንጎራደድ ጀመር፤ አንድ ቀን እትዬ ዱካ ሰጡትና ቁጭ አለ።

ታሪኩ የአንዲት ባለጸጋ መበለትና በቤቷ የምትሠራ ልጅ ታሪክ ነው። የመበለቲቱ የወርቅ ቀለበት ጠፍቶ ልጂቱ ሰረቀች ተብላ ተባርራለች። ቀለበቱን የወሰደው የመበለቲቱ የገዛ ልጅ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እትዬ በየሳምንቱ ሲገቡ «ዛሬስ ትደርስበት ይሆን?» ይላሉ። ጎረቤቴ ከስክሪኑ ጎን ተቀምጣ ትተረጉማለች። መበለቲቱ ስትጮኽም፣ ልጂቱ ስታለቅስም በዚያው በለዘበ ድምፅዋ ነው። አንዳንዴ ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀድማ ትናገራለች። ለእኛ ድራማው በእሷ ድምፅ የሚነገር ነገር ነበር። ከኬክ ቤት ደክማ ስትመጣ ሰዎቹም የደከማቸው ይመስላሉ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ድራማውን ስትከፍት ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። አነበበችው።

«ምን ይላል?» አልኋት።

«ዋጋ ጨምረናል ይላል።»

«በጣም?»

«እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።»

እትዬ ድንቹን መላጥ አቆሙ። «ምን ጨመሩበት?»

«ምንም። ያው ድራማው ነው።»

ባለ ባጃጁን ነገሩ ከሁላችንም ይልቅ አስቆጣው። «እኔ ቤንዚን ተወዶ እንኳ ታሪፍ ስጨምር ሰው አንገቴን ሊያንቀኝ ይደርሳል። ይሄ ምን ይጠጣል? ጎማ የለው፣ ዘይት የለው።»

«የለመደ ሰው አይተውም ብለው ነው» አሉ እትዬ። «ነጋዴ ሁሉ እንዲያ ነው። መጀመሪያ ያለምዱሃል፣ ከዚያ ይጨምሩብሃል።»

ባለ ባጃጁ አቀርቅሮ «አንቱም እኮ በመስከረም ኪራይ ጨምረውብናል» አላቸው።

እትዬ ድንቹን መላጥ ቀጥለው «ቆርቆሮው ታድሷል» አሉ።

«በእኔ በኩል አሁንም ያፈሳል።»

ጎረቤቴ ድራማውን ከፈተችውና ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ። ያን ቀን ግን ማናችንም በልባችን አላየነውም።

በማግስቱ ጓደኛዋ በድምፅ መልእክት ላከችላት፤ ሦስት ምርጫ አለ አለች። በአዲሱ ዋጋ መቀጠል፣ ጨርሶ መተው፣ አለበለዚያ ከድሮውም የረከሰውን ጥቅል መውሰድ። ርካሹ ጥቅል በየመካከሉ ማስታወቂያ አለው። ጎረቤቴ መልእክቱን ካሰማችኝ በኋላ «መተዉ ሳይሻል አይቀርም» አለች።

ርካሹን እንድትወስድ ያግባባኋት እኔ ነኝ። ድራማው እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም፤ የሳምንቱ ደስታዬ እሱ ነበር። «ማስታወቂያ ሰው አይገድልም» አልኋት።

«የዚያ አገር ማስታወቂያ ነው እኮ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ማስታወቂያው ሲመጣ አንች ውኃ ትጠጫለሽ፣ እኛም ድንቻችንን እንበላለን። ያልፋል።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች። እሺ የሚለውን ቃል ቶሎ የምትል ሴት ነበረች፤ ከየት እንደለመደችው አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች ሳቅ ነበሩ። እትዬ ማስታወቂያውን ከድራማው መለየት አቃታቸው። ሽቶ የምትረጭ አንዲት ቀይ ሴት ብቅ ስትል «ይችስ የማን ወገን ናት? የመበለቲቱ እህት ናት?» ብለው ጠየቁ። «የማንም አይደለችም እትዬ፣ ሽቶ እየሸጠች ነው» ስትላቸውም አላመኑም፤ በሚቀጥለው ክፍል እስክትመጣ ይጠብቋት ነበር። ጾመ ነቢያት ሲገባ ደግሞ ስቡ የሚንጠባጠብ የተጠበሰ ዶሮ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ሲያበቃ ንገሩኝ» አሉ። ባለ ባጃጁ የመኪና ማስታወቂያ ሲመጣ ዱካውን ያስጠጋል። መበለቲቱ ልጇ ቀለበቱን የደበቀበትን መሳቢያ ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ማስታወቂያ ሲገባበት ደግሞ «እኔም ባጃጁ ሞልቶ ሳለ ሌላ ልጭን ስቆም ተሳፋሪው የሚሰማው እንዲህ ነው ማለት ነው» አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ማስታወቂያዎቹን ወድጃቸው ነበር። ኩሽናዎቹን አያለሁ። ቧንቧው ሲከፈት ሁልጊዜ ውኃ አለው፤ የእኛ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣች ትልቅ ነገር ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል። አንዲት ሴት በነጭ ጫማ በዚያ ወለል ላይ ስትራመድ፣ አንድ ቀን እኔም እንዲህ ያለ ቤት ይኖረኝ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር። ወለሉን ያጸዳው ማን ነው የሚል ነገር አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም።

ጎረቤቴ ማስታወቂያውንም ትተረጉም ነበር፤ እትዬ ምን አለ ሳይሉ አያልፉም። በሦስተኛው እሑድ ግን ልማዷ ተለወጠ። ማስታወቂያ ሲጀምር ትነሣና ትወጣለች። አንዴ ውኃ ልታመጣ፣ አንዴ የተሰጣ ልብስ ልታነሣ። ድራማው ሲመለስ ትመጣና ያመለጣትን በግምት ሞልታ ትቀጥላለች። ሰልችቷት ነው ብዬ ተውሁት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እሑድ አልረሳውም። እትዬ የጉልበት ሕመሙ ጠንቶባቸው ነበር። ጎረቤቴ ቫዝሊን አምጥታ እግራቸውን በጭኗ ላይ አደረገችና እያሸችላቸው ትተረጉማለች። ማስታወቂያው ሲመጣ እንዳትነሣ የእትዬ እግር ጭኗ ላይ ነው።

አንዲት ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ስልኳን በጣቷ ትገፋለች። ስልኩ ላይ የሴቶች ፎቶ ይመጣል፤ ሁሉም ፀጉራቸው የተሸፈነ፣ ሁሉም ፊት ለፊት የሚያዩ። አንዷን ትነካለች። ወዲያው በር ይንኳኳል፤ ፎቶዋ የነበረው ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ፈገግ ብላ ቆማለች። ዘፈን አለው፤ የሚያምር ዘፈን።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

ጎረቤቴ እጇ ማሸቱን ሳያቋርጥ፣ በዚያው መበለቲቱንም ልጂቱንም በምትተረጉምበት ድምፅ ነገረቻቸው። «ሠራተኛ ትፈልጊያለሽ? ከፈለግሽው አገር በሁለት ቀን እናደርስልሻለን። የሦስት ወር ዋስትና አላት። ካልተስማማችሽ መልሺያት፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ እንቀይርልሻለን።»

እትዬ አልገባቸውም። «ምኑን ነው የሚቀይሩት? ዕቃውን?»

«የለም እትዬ፤ እኛን ነው።»

ድራማው ተመለሰ። መበለቲቱ ደረጃ ላይ ቆማ ትጮኻለች፤ ምን እንደምትል አናውቅም። ጎረቤቴ አትተረጉምም። የጉልበቱን ዙሪያ በአውራ ጣቷ እያሸች ወደ ታች ታያለች። ምን አለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እትዬ እግራቸውን ቀስ ብለው ከጭኗ ላይ አነሡና ቀሚሳቸውን ሳቡበት። እኔ ድንቹ ያለበትን ሳህን ያዝሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁት። ባለ ባጃጁ ተነሥቶ ወጣ፤ ባጃጁን አስነሣት፣ ጥቂት አቆያትና አጠፋት። የትም አልሄደም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቧንቧዋ መጥታ ጎረቤቴ ልብስ ታጥባለች። የእኔንም አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ አንድ አንሶላ አጠብሁ። መናገር የጀመረችው እሷ ናት።

«ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።»

ሳሙናውን አስቀመጥሁ።

«የመጀመሪያው ቤት ሃያ ቀን ነው የቆየሁት። ትንሽ ልጅ ነበራቸው፤ ሲያየኝ ያለቅሳል። እኔም እሱን ሳይ አለቅስ ነበር፤ የወንድሜን ልጅ ይመስላል። ሴትዮዋ ልጄን አስፈራችው ብላ መለሰችኝ። ሁለተኛው ቤት ወር ከምናምን። የመታጠቢያ ቤቱ ኬሚካል ደረቴን ያዘኝና ሳል አልለቅ አለኝ። በሽተኛ ናት ተብዬ ተመለስሁ።»

«የት ነው የሚመልሱሽ?»

«ቢሮው። አግዳሚ ወንበር አለ። የተመለሱት በአንድ በኩል፣ አዲስ የመጡት በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። አዲሶቹ እኛን ላለማየት ይሞክራሉ። ፈላጊ ስትመጣ ይችስ በምን ምክንያት ተመለሰች ብላ ትጠይቃለች። የቢሮው ሰውዬ እኔ እየሰማሁ ይነግራታል። ያኔ ዓረብኛ አላውቅም ነበር። ግን ሲነግራት ይገባኛል።»

ውኃውን ደፋችና ሌላ ቀዳች።

«ሦስተኛዋ ወሰደችኝ። የቀረውን ዘመን ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የኖርሁት። ክፉ አልነበረችም። ይሄን አፕ የለመድሁት ከእሷ ጋር ነው። እሷ ሶፋ ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ልብስ እያጠፍሁ አብረን እናያለን። አንዳንዴ አብረን እናለቅስ ነበር።»

«ያ ማስታወቂያ ያኔም ይመጣ ነበር?»

«ይመጣ ነበር። በመጀመሪያ ርካሹ ነበራት።»

«ታዲያ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እሷ ወደ ስልኳ ታያለች። እኔ ወደ ልብሱ።»

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ግን የይቅርታውን ቃል ስፈልግ ሁሉም ትንሽ ሆነብኝ። «ርካሹን ያስያዝሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት።

«አንች ምን ታውቂያለሽ። እኔም አልነገርሁሽ።»

አንሶላውን በዚህ በኩል እሷ በዚያ በኩል እኔ ይዘን ጨመቅነውና ገመዱ ላይ ሰጣነው።

በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም መጣን፤ መቅረትም መምጣትም አስቸግሮን ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እትዬ ድንች አላመጡም። ተቀምጠው አስበውበት የመጡትን ተናገሩ።

«ልጄ፣ ያ ነገር የሌለበትን መልሰሽ ክፈችው። ጭማሪውን ከኪራይሽ ላይ አንሽ።»

ባለ ባጃጁ «እኔም አዋጣለሁ» አለ። እኔም አልሁ። እንደ ልማዷ እሺ የምትል መስሎኝ ነበር።

«አይሆንም» አለች።

ሦስታችንም ቀና አልን። ከእሷ አፍ አይሆንም ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ግን እሱን ላለማየት ብዬ ጭማሪ አልከፍልም። ሰባት ዓመት ከፍያለሁ። ይበቃል።»

ድራማውን የሚያሳየው ድርጅትና ሠራተኛ የሚቀያይረው ደላላ አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። ግን ማንም ያን አላነሣም። እዚያው ተቀምጠን ሳለን ለጓደኛዋ በድምፅ መልእክት አዝጊልኝ አለቻት።

እትዬ «ልጂቱስ?» አሉ።

«የቷ ልጅ?»

«የተባረረችው። ሳይፈረድላት ልትቀር ነው?»

የቀረው አምስት ክፍል ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ፈገግ አለች። ጓደኛዋ በእመቤቷ ቤት ልብስ ስትተኩስ ድራማውን ታያለችና፣ አይታ በድምፅ እንድትልክልን ጠየቀቻት።

እንዲህ ሆኖ የታሪኩን መጨረሻ በወሬ ሰማነው። ጓደኛዋ ሳምንቱን በትንንሽ መልእክት እየቆራረጠች ትልካለች። ጎረቤቴ ብቻዋን ሰምታ አጠራቅማ እሑድ ትነግረናለች። አንዳንዱን መልእክት እኛም ሰምተነዋል፤ የካውያው እንፋሎት ትስ ሲል ይሰማል፣ የአንዲት ሴት ጥሪ ይሰማል፣ «ቆይ መጣሁ» ትልና ይቋረጣል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ እኛ ጥቁሩን ስክሪን ትተን እሷን እያየን ስንሰማ፣ ድራማው ከበፊቱ ያነሰብን አልነበረም። እትዬ ድንቹን መልሰው ማምጣት ጀመሩ። ባለ ባጃጁ በየመካከሉ እየጠየቀ ያስቸግራታል፤ «መሳቢያውን ስትከፍት መብራት ነበር?» ይላታል። እሷም ታስብና ትመልስለታለች።

የመጨረሻውን ክፍል የገና ሰሞን ነገረችን። መበለቲቱ ቀለበቱን አገኘች፤ የወሰደውም ልጇ መሆኑን አወቀች። ልጂቱ የምትኖርበትን ሰፈር አጠያይቃ፣ ሾፌሯን አስቀርታ፣ በእግሯ ጭቃውን ተሻግራ ሄደች። በሩን አንኳኳች። ልጂቱ ስትከፍት መበለቲቱ ቀለበቱን አውጥታ አሳየቻት። «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለቻት። ልጂቱም ወዲያው አልመለሰችላትም፤ ይግቡ ብላ ወንበር ሰጠቻት። በዚያ አለቀ።

እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ደግ አደረገች። ዱሮም ፊቷ ላይ ትንሽ ደግነት ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አፕ አልተከፈተም። ቴሌቪዥኑን ለአንድ ቁርስ ቤት ሸጠችውና ምድጃ ገዛች። በኬክ ቤቱ እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ የልደትና የሠርግ ኬክ በትእዛዝ መጋገር ጀመረች። እኔም በዓመቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርሁ፤ ግን ከግቢው አልራቅሁም፣ እሑድ ብዙ ጊዜ እመጣ ነበር።

ጓደኛዋ በሁለተኛው ዓመት አገሯ ገባች። ለእንኳን ደህና መጣሽ ይፋግ ስንሄድ እትዬ ጉልበታቸውን ጠቅልለው አብረውን ተነሡ። «ያችን ልጅ ሳላመሰግናት አልሞትም» ብለው ነበር። በሚኒባስ ወረታ ወርደን፣ ሌላ ይዘን ይፋግ ስንደርስ የሜዳው ሙቀት እትዬን ሹራባቸውን አስወለቃቸው።

ጓደኛዋ አጭር፣ ሳቂታ፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሴት ናት። ድምፅዋን አውቀነው ፊቷን ስናይ ሁላችንም ትንሽ ግር አለን። እትዬ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ ሰላምታው ሲያበቃ ስለዚያች መበለት አነሡ።

«እኔ እኮ እንዲያ ያለች ኩሩ ሴት ጭቃ ተሻግራ ይቅርታ ትላለች ብዬ አላሰብሁም ነበር።»

ጓደኛዋ ወደ ጎረቤቴ አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት አየች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች አላየኋቸውም።»

«እንዴት አላየሽም?»

«እመቤቴም ዋጋ ተጨመረብኝ ብላ አዘጋችው። መጨረሻውን ሳላየው ተዘጋ። ጓደኛዬ ደግሞ እዚህ ሰው ይጠብቃል ብላኝ ነበርና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ልብስ ስተኩስ እያሰብሁ የላክሁት ነው።»

እትዬ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«በባለጸጋዋ እመቤትሽም ላይ ጨመሩባት?» አሉ።

«ጨመሩባት።»

«እሷም ተወችው?»

«ተወችው።»

እትዬ እስከዚያ ቀን አይቼ በማላውቀው አሳሳቅ ሳቁ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እጇን ሳይለቁ። የጓደኛዋ እናት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ጎረቤቴ አልሳቀችም። ወደ ደጅ ስትወጣ ተከተልኋት። የመኪናው መንገድ ከአጥሩ ማዶ ይታያል፤ ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና አቧራውን አስነሥቶ አለፈ። ተከፋች ብዬ «አታለለችሽ አይደል?» አልኋት።

«የለም» አለች። «ያኔ ሲደርሰኝ አውቄዋለሁ። እመቤት ወደ ሠራተኛ ቤት በእግሯ አትሄድም። በእነሱ ድራማ እንኳ አትሄድም።»

«ታዲያ ለምን እንዳለ ነገርሽን?»

አቧራው እስኪወርድ መንገዱን እያየች፣ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ይዛ ነበር።

«ስነግራችሁ ደስ አለኝ» አለች። «አፌ ላይ ደስ አለኝ።»

ከውስጥ ለምሳ ሲጠሩን ተመልሰን ገባን። እትዬ አሁንም የጓደኛዋን እጅ እንደያዙ ናቸው፤ መበለቲቱ ይቅርታ ከተባባሉ በኋላ ልጂቱን ወደ ቤቷ መልሳ ወስዳት እንደሆነ፣ ወይስ እዚያው በራሷ ቤት ትታት እንደሄደች ይጠይቋታል። ጓደኛዋም ጥያቄውን ቀልድ አላደረገችውም፤ አሰበችበትና «እዚያው ትታት ሄደች፣ እትዬ። ልጂቱ የራሷ ሥራ ነበራት» አለቻቸው።